ኮምፒውተሩ ለምን 1972 ዓ.ም. ላይ ነቃ?

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። አስቀድሜ ልናገር፤ የታሪክ መምህር አይደለሁም። ዲፕሎማዬ በሃርድዌርና ኔትወርክ ነው። አይሲቲ አስተምራለሁ፣ የተበላሸ ሲኖር ደግሞ እጠግናለሁ። ታሪክ ግን እወዳለሁ፤ ያለፈው ሳምንት ብልሽት ደግሞ ራሱ ወደ ታሪክ ወሰደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥምቀት መልስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ሳለሁ የሪከርድ ክፍሏ እህታችን በር ላይ ቆማ በእጇ ጠራችኝ። «ቲቸር፣ ኧረ ድረስልኝ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝ» አለች። ለበዓሉ ስትወጣ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥለው ብላ ሶኬቱን ነቅላ ነበር። እንዲህ አድርጊ ያልኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሄጄ አየሁት። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፤ ቀንና ሰዓቱ አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ1ን ተጫን ይላል። ከላይ ጥግ ላይ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው። ኤፍ1 ሲጫኑት የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፤ ከዚያ ዓይን እስኪጨፈን ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እንዲህ እየዞረ ነው ያደረው ማለት ይቻላል።

ከእኔ በፊት ከከተማው አንድ ባለሙያ ልጅ ተጠርቶ መጥቶ ነበር። (የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ይህንን እንደሚያነብም አውቃለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።) ምርመራው አጭር ነው፤ «ሃርድ ዲስኩ ሄዷል፣ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫን» ብሏል። እሷም ልታስፈርም ወረቀት አዘጋጅታለች።

ፎርማት ማለት እኮ ማጥፋት ነው። በዚያ ዲስክ ላይ የስምንት ዓመት ሮስተር አለ። የወረቀቱ ሮስተር መጋዘን ውስጥ ይገኛል፤ የሁለቱን ዓመት ግን አይጥ ተካፍሎታል። በፍላሽ የተያዘው ቅጂ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው። ቅጂ መያዝ ያለበት ማን ነበር? እኔ። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ በ2009 የጨረሰች ልጅ ተቀምጣለች፤ ለሥራ ቅጥር ትራንስክሪፕት ትፈልጋለች፣ ምዝገባው አርብ ይዘጋል። የእሷ ዓመት አይጥ ከበላው ውስጥ ነው።

«ፎርማቱ ይቆይ» አልኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ክፍል ውስጥ ሁሌ የምላችሁን ታስታውሳላችሁ፤ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት አዳምጡት። ፋኑ ይዞራል? መብራቱ ይበራል? ድምፅ ያሰማል? ይሄኛው ፋኑ ይዞራል፣ አንዴ አጭር «ቢፕ» ይላል፣ ስክሪኑም ይጽፋል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ፣ ራሙ፣ የስክሪን ካርዱ ደህና ናቸው። ዊንዶውስም ምልክቱን እስኪያሳይ ድረስ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ይነበባል። ሙሉ በሙሉ የሞተ ዲስክ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ «ሃርድ ዲስኩ ሄዷል» የሚለው ገና አልተረጋገጠም። በእጄ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ዛሬ መቼ እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ።

ኮምፒውተር ሲበራ ምንም አያውቅም። ሥራውን የሚነግረው ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ ዲስኩን ለማንበብ ግን ራሱ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ያ ፕሮግራም የት ነው ያለው? ዲስኩ ላይ! ይህ ዕንቆቅልሽ ከኮምፒውተር ጋር እኩል ነው የተወለደው። ፈረንጆቹ ሰው የጫማውን ማሰሪያ ይዞ ራሱን ከመሬት ሲያነሳ አስበው ስም አወጡለት፤ «ቡት» የምንለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው።

ለእኛ ለደብረ ታቦር ሰዎች ግን ጫማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጋፋት አለልን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ፤ መድፍ ሠርተው አያውቁም። መድፍ ለማቅለጥ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ምድጃው እሳት የሚችል ጡብ ይፈልጋል፤ ለጡቡ አፈሩን ማወቅ፣ አፈሩን ለማወቅ ደግሞ መሞከርና መክሸፍ ግድ ነው። ከሽፏልም። በስተመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ከምንም ተነስቶ መሣሪያን በመሣሪያ መውለድ ማለት ይኼ ነው። ተማሪዎችን ለጉብኝት ጋፋት በወሰድኩ ቁጥር ስለ ባዮስ የማወራው ለዚህ ነው፤ እናንተም ትስቁብኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ዕንቆቅልሹን በሰው ጉልበት ነበር የፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ሥራ በተቀየረ ቁጥር ገመዱ እየተነቀለ ይሰካለት ነበር። በ1952 የወጣው አይቢኤም 701 ላይ «ጫን» የሚል ቁልፍ ተገጠመ፤ እሱ ሲነካ ማሽኑ ከካርድ ላይ መጀመሪያውን ያነብባል፣ ያ መጀመሪያ ደግሞ ቀሪውን ያስነብበዋል። በ1975 የመጣው አልቴር 8800 ኪቦርድም ስክሪንም አልነበረው፤ ፊቱ ላይ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ መነሻ ፕሮግራሙን በእጅ ነበር የሚያስገቡት። የማይክሮሶፍቱ ፖል አለን ቤዚክ የተባለውን ፕሮግራም ለአምራቹ ሊያሳይ ወደ አልበከርኪ ሲበር፣ መነሻ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ እንዳልጻፉት ትዝ ያለው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ ጻፈው። ደርሶ ሲሞክረው ሠራ፤ 2 ሲደመር 2 ስንት ነው ተብሎ ተጠየቀ፣ 4 አለ።

ከዚያ የአይቢኤም ፒሲ ዘመን መጣ፤ ኦገስት 12 ቀን 1981። እሱ መነሻውን ፕሮግራም በማይጠፋ ቺፕ ላይ ጽፎ ማዘርቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ባዮስ የምንለው ነው (ስሙን ቀድሞ የተጠቀመበት ጋሪ ኪልዶል ነው)። ፕሮሰሰሩ ሲበራ ዓይኑን የሚገልጥበት አድራሻ የተወሰነ ነው፤ ከ1 ሜጋባይቱ ጣሪያ 16 ባይት ዝቅ ብሎ። እዚያ ላይ «ወደ ባዮስ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ይጠብቀዋል። ባዮስ ደግሞ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን አንድ በአንድ ፈትሾ ደህና ከሆኑ አንዴ ቢፕ ይልና ዲስኩን ይጠራል። ብልሽት ካለ ስክሪኑ ላይሠራ ስለሚችል በድምፅ ነው የሚናገረው። አንዳንዱ ባዮስ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ካለ የስክሪን ካርዱን እዩ ማለቱ ነው፤ ራም ካነሰው ደግሞ ሌላ ድምፅ አለው። ቋንቋቸው እንደ አምራቹ ይለያያል።

ግን ያ ፒሲ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሲጠፋ ሰዓቱም አብሮ ይጠፋል። በበራ ቁጥር ቀኑ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ካልነገሩት ማክሰኞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው ብሎ ይቀጥላል። ለምን 1980? የዶስ ሠሪዎች ቀን መቁጠር የጀመሩት ከዚያ ስለሆነ ነው፤ ማሽኑ ራሱ 1981 ላይ ስለወጣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ፋይል ይኖራል ብለው አላሰቡም። ለዶስ ዓለም የተፈጠረችው ያን ዕለት ነው።

እኔ ደግሞ ቀኑን ወደ እኛ ቀየርኩት። ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ። (ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ዘመን ስለሚለወጥ ነው ጃንዋሪ 1 በ23 ፈንታ 22 ላይ የዋለው።) በዚያን ጊዜ አገራችን ምን ላይ ነበረች? መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ! ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው የተከፈተው፤ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ሸልሞታል። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ ማታ ማታ በማሾ መብራት፣ ወንድሜን አዝላ። የምስክር ወረቀቷ እስካሁን ሳጥኗ ውስጥ አለ። እናም አንድ ኮምፒውተር ባትሪው ሲሞት የሚመለሰው እናቴ «ሀ ሁ» ወደምትቆጥርበት ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ባየሁት ቁጥር ፈገግ ያሰኘኛል። ሁሉም ማሽን ወደዚያ ቀን አይመለስም፤ ብዙዎቹ አሁን ወደ ተሠሩበት ዓመት ነው የሚመለሱት።

ባትሪ አልኩ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1984 አይቢኤም ኤቲ የሚባለውን ሲያወጣ ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ቺፕ ከነባትሪው ጨመረበት። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሰዓቱ ይቆጥራል። በውስጡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል አለ፤ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብታካፍሉት 1 ይመጣል፣ ያ አንድ ሰከንድ ነው። ቺፑ 64 ባይት ሜሞሪ ነበረው፤ 14ቱን ሰዓቱ ራሱ ወሰደው፣ 50 ባይት ተረፈ። በዚያች 50 ባይት ላይ ባዮስ ማስታወሻውን መጻፍ ጀመረ፤ ስንት ዲስክ አለ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ከየቱ ልነሳ። በዛሬው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 50 ባይት ማለት 16 ፊደል ነው፤ የአንድ ተማሪ ስም ከነአያቱ እንኳን በስንት መከራ።

ነጥቡ እዚህ ላይ ነው። ያ ባትሪ የሚይዘው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ማስታወሻውንም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ ባዮስም ዛሬ ዛሬ ዩኢኤፍአይ ለሚባለው ቦታውን ለቋል። ክብ ባትሪዋ ግን እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ናት።

የሪከርድ ክፍሉን ማሽን ከፈትኩት። ባትሪው ሲአር2032 ነው፤ ስሙ ልኩ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። 3 ቮልት መስጠት ሲገባው በመለኪያው 1 እንኳን አልሞላም። ምናልባት ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ ማዘርቦርዱ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ሰዓቱን ያቆያል፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም። ለጥምቀት ሲነቀል ነው ጉዱ የወጣው። አዲሱን ባትሪ ገበያ አካባቢ ካሉት ሰዓት ጠጋኝ ጋ አገኘሁ፤ አንድ ተማሪ በሩጫ አመጣልኝ።

ቀን መሙላት በእኛ አገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጥር 14 ቀን 2017 ማለት ለእሱ ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ደግሞ 10፡15። ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን ሦስቱንም ቀይሮ ነው የሚሞላው። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ ዓለም በ2000 ኮምፒውተሮች ይቃወሳሉ ብሎ ሲሸበር ያ ዕለት ለእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር፤ ያው የዶስ ልደት ዕለት፣ ያው ዘመነ ዮሐንስ። ከዚያ ጊዜው ሽብር ምክንያቶች አንዱም ያቺ ቺፕ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ መያዟ ነበር። የእኛ 2000 ዓ.ም. የመጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሮቹ ምንም አልተሰማቸው፣ እኛ ጨፈርን።

ባትሪው ተቀየረ፣ ቀኑ ተሞላ፣ አስነሳሁት። ኤፍ1 ተጫን የሚለው ቀረ። ሰማያዊው ስክሪን ግን መጣ! ልጅቷ በመስኮት ታያለች። እህታችንም ወረቀቱን ታያለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ላብ ጀመረኝ፤ በደብረ ታቦር ብርድ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥር።

ውጭ ወጥቼ አንድ ዙር ዞርኩና አሰብኩ። ባትሪው ሲሞት ማሽኑ የረሳው ቀኑን ብቻ ነው? አይደለም። ማስታወሻውን በሙሉ ረስቶ ፋብሪካው ወደሞላለት ተመልሷል። ሃርድ ዲስክን የማናገሪያ ከአንድ በላይ ደንብ አለ፤ አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ይባላሉ። ዊንዶውሱ የተጫነው በአንደኛው ደንብ ከሆነና ባዮስ በሌላው ካቀረበለት፣ ዊንዶውስ ግማሽ መንገድ ይመጣና ዲስኩን ያጣዋል። ዲስኩ አለ፤ እሱ ግን አያየውም። ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና እንደገና ይነሳል።

ገባሁ፣ ሴታፑን ከፈትኩ። ሬይድ ላይ ነው። ሁለት ዲስክ ሳይኖረው ምን ሬይድ ያደርግለታል? ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርኩ፣ አስቀምጬ ወጣሁ። ምልክቱ መጣ። ነጥቦቹ ዞሩ። ዞሩ። ሰማያዊው አልመጣም። እህታችን «እሰይ!» ስትል የሚቀጥለው ክፍል ድረስ ተሰማ። ትራንስክሪፕቱን ከማተማችን በፊት ግን ፍላሽ አስገብቼ ሮስተሩን በሙሉ ገለበጥኩ፤ በሌላ ፍላሽም ደገምኩት። ልጅቷ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ጠበቀች፣ አልተቆጣችም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ስክሪኑ እኮ ከመጀመሪያው ችግሩን ተናግሯል። ቀኔን አጥቻለሁ ብሏል፣ በእንግሊዝኛ። እህታችን ሳታነብ ኤፍ1 ተጫነች፤ ባለሙያውም ሳያነብ አለፈው። ያኔ የአይቢኤም ፒሲ ለፊደል የመደበው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ የእኛ ፊደል ከነእርባታው ብቻውን ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ ገና ከበሩ ነው የቀረነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ ዳሸን ኢንጂነሪንግን አቋቁሞ ግዕዝን በኮምፒውተር ሲያስጽፍ፣ ከዚያም እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሲመጡ፣ ሁሉም ፊደላችንን ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ነው የሚያስገቡት። ዩኒኮድ በ1999 ተቀበለን፤ ዊንዶውስም በ2007 ቪስታን ሲያወጣ ኒያላ የሚባለውን ፊደል አብሮ ሰጠን። ባዮሱ ጋ ግን አልደረስንም። ማሽኑ ታሞ ሲጣራ የሚጣራው በእንግሊዝኛ ነው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ያን ጥቁር ስክሪን የሚያየው ከእንግዲህ የሪከርድ ሠራተኛ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር የመነሻ መልእክቶችን ማንበብ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ ባይኖረውም።

ባለሙያው ልጅ ቅዳሜ ላብ ድረስ መጥቶ አየኝ። «ቲቸር፣ እኔ ሬይዱን መች አስቤ» አለኝ። እኔም እስክዞር ድረስ አላሰብኩም አልኩት። አሁን የላቡን ማሽኖች አብረን እየከፈትን ነው። እስካሁን ከመረመርናቸው ውስጥ አራቱ 1972 ላይ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ቢፕ እንኳን አይልም፣ ራሙን አውጥተን በላጲስ ፈትገን ነገ እንሞክረዋለን።

ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር ኮምፒውተር እንላክ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፤ ኮምፒውተሩ ይቆይ። የሚመጣ ሰው ካለ ሲአር2032 ባትሪ ላኩልኝ። 30 ይበቃኛል።